«ኤም» ስንት ነው? በትዕዛዝ መስመር ላይ መጠን የሚያመለክቱ ፊደላት ለምን አይስማሙም

ሐዋሳ ላይ ሠርግ የቀረጸ አንድ ስቱዲዮ ጥሬውን ቪዲዮ አዲስ አበባ ላለ አቀናባሪ በፍላሽ መላክ ፈለገ እንበል። ፋይሉ 11 ጊጋባይት ነው። ፍላሹ ሰፊ ቢሆንም የተዘጋጀው ፋት32 በሚባለው የቆየ አሠራር ነው፤ ይህ አሠራር ደግሞ ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ባለሙያው ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ስለሚያውቅ ፋይሉን «ስፕሊት» በተባለው ትዕዛዝ አራት አራት ጊጋ አድርጎ ቆረጠው። በትዕዛዙ ላይ የጻፈው መጠን «4ጂ» ነበር። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁራጭ ወደ ፍላሹ መገልበጥ ጀመረ። ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ሊያልቅ ሲል ፋይሉ ከሚፈቀደው በላይ ትልቅ ነው የሚል መልእክት መጣ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለስፕሊት «4ጂ» ማለት 4,294,967,296 ባይት ነው፤ ፍላሹ ከሚችለው በአንድ ባይት ይበልጣል። በአንድ ብቻ! ያው ሰው «4ጂቢ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ስፕሊት እያንዳንዱን ቁራጭ 4,000,000,000 ባይት ያደርገው ነበር፤ ሁሉም ያለ ችግር ይገቡ ነበር። አንዲት «ቢ» በመጨመሯ መጠኑ በ295 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ፊደል ሲጨመር መጠን ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም።

የዚህ ማብራሪያ ጉዳይ እነዚህ ፊደላት ናቸው። በእንግሊዝኛ እንደሚጠሩት አድርጌ በእኛው ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ የፊደሉ መጠን ልዩነት በሚያመጣበት ቦታ «ትልቁ ኤም»፣ «ትንሹ ኤም» እላለሁ። «4ጂ» ስልም የስልኩን ኔትወርክ ማለቴ አይደለም።

ቅጥያ ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮምፒውተርን በማውዝ ሳይሆን በጽሑፍ የምናዝበት ጥቁር መስኮት አለ። ባለሙያዎች ተርሚናል ይሉታል፤ እዚያ ላይ የምንጽፈው ደግሞ የትዕዛዝ መስመር ይባላል። ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር) የሚያስተዳድር ወይም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው እዚያ ነው። ብዙዎቹ ትዕዛዞች መጠን ይጠይቃሉ፦ ፋይሉን በዚህ ያህል ቁረጥ፣ ከዚህ የሚበልጡትን ፈልግ፣ ለዚህ ፕሮግራም ይህን ያህል ሜሞሪ ስጥ።

መለኪያው ባይት ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፤ አንድ የግእዝ ፊደል ዛሬ በተለመደው አመዘጋገብ ሦስት ባይት ይወስዳል። የዛሬ ፋይሎች በቢሊዮን ባይት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ዜሮ ሲደረድሩ ከመዋል ከቁጥሩ በስተኋላ አንድ ፊደል መጨመር ይቀላል፦ ኬ ለኪሎ፣ ኤም ለሜጋ፣ ጂ ለጊጋ፣ ቲ ለቴራ። ቅጥያ የምለው ይህንን ፊደል ነው። ፊደሉ ቁጥሩን በስንት እንደሚያበዛው የሚወስነው ግን ትዕዛዙን የሚያነበው ፕሮግራም ነው፤ ጣጣው ሁሉ የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ኪሎ አንድ ሺህ አይደለም እንዴ?

በሚዛን ላይ አንድ ሺህ ነው። የኮምፒውተር ሜሞሪ ግን የሚሠራው በሁለት ብዜት ነው፤ ሁለት ቁጥር አሥር ጊዜ እየተባዛ ሲሄድ 1024 ላይ ይደርሳል። የቀደሙት መሐንዲሶች 1024 ለ1000 ቅርብ ነው ብለው እርሱንም ኪሎ አሉት። ሜሞሪ ጥቂት ሺህ ባይት ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ማንንም አልጎዳም። ዲስክ አምራቾች በበኩላቸው ኪሎን እንደ ሚዛኑ አንድ ሺህ አድርገው ቀጠሉ። ስለዚህ አንድ ስም ሁለት ቁጥር ይዞ ቀረ።

ሐዋሳ ላይ አንድ እንግዳ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ቢላችሁ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ትሉታላችሁ። ሁለት አቆጣጠር እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ መጠየቁም አያሳፍርም። የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ ግን መልሶ አይጠይቅም። የለመደውን አቆጣጠር ይዞ ሥራውን ይጨርሳል፤ እናንተም የእናንተን ይዛችሁ ትለያያላችሁ።

በሰዓቱ ልዩነቱ ምንጊዜም ስድስት ነው። እዚህ ግን ብዜቱ በእያንዳንዱ ፊደል ስለሚደገም ፊደሉ ባደገ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። በኪሎ 2.4 በመቶ የነበረው በሜጋ ወደ 4.9፣ በጊጋ ወደ 7.4፣ በቴራ ደግሞ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ፒያሳ አካባቢ ካሉ ሱቆች 32 ጊጋባይት ፍላሽ የገዛ ሰው ዊንዶውስ ላይ ሲሰካው 30 እንኳ ሳይሞላ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ እንጂ ፍላሹ ፎርጅድ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ፎርጅዱ ፍላሽ ብዙ ጊዜ የተጻፈበትን መጠን አሳምሮ ያሳያል፤ ጉዱ የሚወጣው ሲሞላ ነው። በዚሁ ሒሳብ 1 ቴራባይት የተባለ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል።

ከሁለቱም አቆጣጠር ያልሆነ ነገርም ነበር። «1.44 ሜጋባይት» ይባል የነበረው ፍሎፒ ዲስክ የሚይዘው 1,474,560 ባይት ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው 1.44ን አንዴ በ1000፣ አንዴ ደግሞ በ1024 በማባዛት ነው።

የዓለም ደረጃ አልወጣለትም?

ወጥቶለታል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 ለ1024ቱ አቆጣጠር የራሱን ስሞች አጸደቀ፦ ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት። በጽሑፍ ሲሆኑ በመካከል «አይ» ይገባባቸዋል፤ ጂአይቢ ማለት በ1024፣ ጂቢ ማለት በ1000 ይሆናል ማለት ነው። ያለ «አይ» የሚጻፉት ለሺው አቆጣጠር ብቻ እንዲቀሩ ታስቦ ነበር።

ሁሉም ግን አልተከተለም። ዊንዶውስ እስከ ዛሬ በ1024 ቆጥሮ «ጂቢ» ብሎ ይጽፋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የማክ ሥርዓት ወደ 1000 ዞረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል፤ ዲስክ አምራቹ ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ምክንያት የተከሰሰበትን ጉዳይ ለደንበኞቹ ነጻ የመጠባበቂያ ሶፍትዌር በመስጠት በስምምነት ዘግቷል።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ የሜሞሪን ሁኔታ በሚዘረዝርበት ፋይል ላይ ኬቢ ብሎ ይጽፋል፤ የሚቆጥረው ግን በ1024 ነው። ያንን ፋይል የሚያነቡ ፕሮግራሞች ብዙ ስለሆኑ ጽሑፉን ማረም ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። በዚህ ዓለም ውስጥ ስሕተት ሆኖ የተጀመረ ነገር ብዙ ጊዜ እንደዚህ ይጸናል።

መሣሪያዎቹ ለምን እርስ በርሳቸው አይስማሙም?

በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ስላልተሠሩ ነው። ዲስክ ለመገልበጥ የሚያገለግለው «ዲዲ» ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። በዚያ ዘመን የሊኑክስ ቀዳሚ የሆነው ዩኒክስ ዲስክን የሚያነበው በ512 ባይት ብሎክ ስለነበር በዲዲ ላይ ትንሿ «ቢ» ብቻዋን ስትጻፍ 512 ማለት ናት። «1ቢ» ብሎ አንድ ባይት የጠበቀ ሰው 512 ያገኛል። «ኬቢ» ሲባል ደግሞ ትልቋ «ቢ» 1024 የነበረውን ኬ ወደ 1000 ታወርደዋለች። እንግዲህ በአንድ ትዕዛዝ ውስጥ አንድ ፊደል በትንሹና በትልቁ ሁለት ሥራ አላት።

ስፕሊት፣ ዲዲ፣ የፋይልን መጀመሪያ የሚያሳየው «ሄድ» እና ሌሎችም በሊኑክስ ላይ ኮር ዩቲልስ በሚባል አንድ ጥቅል ውስጥ ይመጣሉ። በጥቅሉ ያለው የጋራ ልማድ ኤም ብቻውን በ1024፣ ኤምቢ በ1000 የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቁጥሮችን ከአንድ አጻጻፍ ወደ ሌላ የሚለውጥ «ነም-ፎርማት» የተባለ መሣሪያ ወደዚሁ ጥቅል ገባ። ይህ መሣሪያ «ራስህ ለይ» ሲባል 4ጂን የሚያነበው 4,000,000,000 ብሎ ነው፤ በ1024 የሚቆጥረው «4ጂአይ» ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ስፕሊት ያንኑ 4ጂ 4,294,967,296 ይለዋል። «4ጂቢ» ብትሉት ደግሞ ስለ «ቢ» በተለየ አማራጭ፣ ማለትም ከትዕዛዙ ጋር በሚጻፍ ተጨማሪ መመሪያ፣ ካልነገራችሁት በቀር ነም-ፎርማት አላውቀውም ብሎ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ነም-ፎርማት ለዓለሙ ደረጃ የቀረበ ነው፤ ስፕሊት ደግሞ ለልማዱ። ልማዱን መለወጥ ያልተቻለው እልፍ የሆኑ የቆዩ ስክሪፕቶች (በፋይል ተጽፈው የተቀመጡ የትዕዛዝ ዝርዝሮች) በላዩ ላይ ስለቆሙ ነው።

ፋይል የሚፈልገው «ፋይንድ» ግን ከሁሉም ይለያል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። «ከ1 ሜጋ በታች የሆኑትን ፋይሎች አምጣ» ለማለት ከመጠን አማራጩ ቀጥሎ «-1ኤም» ተብሎ ይጻፋል። አሥር ኪሎባይት፣ መቶ ኪሎባይት የሆኑ ፋይሎች በሞሉበት ፎልደር ውስጥ ሲሞከር የሚመጡት ባዶ ፋይሎች ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ማጠጋጋት ነው። በሊኑክስ ያለው ፋይንድ እያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ ወደ ሙሉ ሜጋ ያጠጋጋል፤ የሚያጠጋጋውም ወደ ላይ ነው። አንድ ባይት ያለው ፋይል 1 ሜጋ ተብሎ ይቆጠራል። ከ1 በታች የሚቀረው ዜሮ ብቻ ስለሆነ ባዶዎቹ ብቻ ይወጣሉ። ያንኑ መጠን በባይት፣ ማለትም በትንሿ «ሲ» ቅጥያ «-1048576ሲ» ብለው ቢጽፉት የተፈለጉት ሁሉ ይመጣሉ። አንድ መጠን በሁለት አጻጻፍ ሲቀርብ ሁለት መልስ አለው። በማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፤ ግን ማን ማኑዋል አንብቦ ፋይል ይፈልጋል?

ትልቁና ትንሹ ፊደል ልዩነት አላቸው?

አንዳንድ ቦታ ምንም፣ አንዳንድ ቦታ ሰማይና ምድር። ፋይንድ ትንሹን ኬ እና ትልቁን ኤም ይፈልጋል፤ ተገላብጠው ቢጻፉ አይቀበልም። የሊኑክሱ ዲዲ ትልቁን ኤም ሲፈልግ ቆየት ያሉት የማክ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ዲዲ ትንሹን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፍላሽ ላይ ሥርዓት ለመጫን የተጻፈን አንድ መመሪያ ከሊኑክስ ወደ ማክ እንዳለ የገለበጠ ሰው ገና ከመነሻው ይቆማል። መቆሙ ግን ጥሩ ነው። ትዕዛዙ «ይህን ቁጥር አላውቀውም» ካለ የጠፋ ነገር የለም።

ችግሩ ሁለቱንም ፊደላት የሚቀበል፣ ግን በተለያየ ትርጉም የሚቀበል ሲሆን ነው። ዲስክ የሚከፋፍለው ኤልቪኤም መጠን ሲቀበል ትንሹን ጂ ከትልቁ አይለይም፤ ሁለቱንም በ1024 ይቆጥራል። መጠን ሲያሳይ ግን በትንሹ ጂ አሳየኝ ካላችሁት በ1024፣ በትልቁ ካላችሁት በ1000 ይቆጥርላችኋል። በትልቁ ጂ 10 ብሎ የፈጠረ ሰው በትልቁ ጂ ሲያይ 10.74 ያገኛል። ማንም አልሰረቀውም፤ ማንም አልጨመረለትም።

ከዚህ የባሰው ኩበርኔቲስ ላይ ነው። ኩበርኔቲስ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። በእርሱ ዘንድ ትንሹ ኤም የሺህ አንድ እጅ ማለት ነው፤ ፕሮሰሰርን ለመከፋፈል ይጠቀሙበታል። ፊደሉ ለሜሞሪም ይሠራል። ስለዚህ «400ኤም» ሜሞሪ በትንሹ ኤም የጠየቀ ሰው የጠየቀው 0.4 ባይት ነው። ግማሽ ባይት እንኳ አይሞላም! ያው ሰው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ፕሮግራሞችን ለየብቻ አጥሮ በሚያስነሳው በዶከር ላይ «400ኤም» በትንሹ ጽፎ 400 ሜቢባይት አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ዶከርና ኩበርኔቲስን ጎን ለጎን የሚጠቀም ባለሙያ ብዙ ነው፤ የእጅ ልማድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚደርሰው ይህ ነው። የኩበርኔቲስ ሰነዶችም ይህንኑ ስሕተት ለይተው ያስጠነቅቃሉ።

ፊደል ካልተጻፈስ?

ፊደል የሌለው ቁጥር ባይት ነው ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው፤ ለስፕሊትና ለዲዲ ልክ ነው። ለፋይንድ ግን ፊደል የሌለው ቁጥር በ512 ባይት ብሎክ የሚቆጠር ነው። ፎልደር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ የሚነግረው «ዲዩ» በሊኑክስ በ1024፣ በማክ በ512 ይቆጥራል፤ አንዱ ፎልደር በማክ ላይ እጥፍ መስሎ ይታያል። ፋይሎችን በኔትወርክ የሚያመሳስለው «አርሲንክ» የፍጥነት ገደብ ሲሰጠው ፊደል የሌለውን ቁጥር በሰከንድ ይህን ያህል ኪቢባይት ብሎ ይወስደዋል። የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫ ደግሞ ለሜሞሪው ጣሪያ 512 ብቻ ተብሎ ከተሰጠው 512 ባይት አድርጎ ስለሚያነበው በጣም ትንሽ ነው ብሎ አይነሳም።

በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንኳ ይለያያል?

አዎ። የሐዋሳ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የቤት ሥራ የሚያስገቡበት ዌብሳይት አለው እንበል። ከፊት ጥያቄ የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ ነው፤ ዌብሳይቱ የተጻፈው በፒኤችፒ ነው፤ መረጃው የሚቀመጠው በፖስትግሬስ ነው። ሦስቱም በአንድ ሰርቨር ላይ ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸውም አንድ ሰው ነው። ተማሪዎች እስከ 20 ሜጋባይት ፋይል እንዲልኩ ተወሰነ።

አስተዳዳሪው መጀመሪያ የፖስትግሬስን የሜሞሪ መጠን ሲያስተካክል «128ኤም» ብሎ ጻፈ። ፖስትግሬስ አልተቀበለም፤ የሚያውቀው «128ኤምቢ» ነው፤ ሁለቱም ፊደላት ትልቅ መሆን አለባቸው። የሚፈልጋቸውን አጻጻፎች ዘርዝሮ ነገረው። አስተዳዳሪው ትምህርቱን ወሰደና ኤንጂንኤክስ ላይ «20ኤምቢ» ብሎ ጻፈ። ኤንጂንኤክስ ደግሞ «ኤም» እንጂ «ኤምቢ» አያውቅም፤ ዋጋው ልክ አይደለም ብሎ አልነሳም አለ። ተስተካከለ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ተናግረዋል፤ የጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሦስተኛው ፒኤችፒ ነው። እዚያም «20ኤምቢ» ተጻፈ። ፒኤችፒ የሚያየው የመጨረሻዋን ፊደል ነው። ኬ፣ ኤም ወይም ጂ ብትሆን ያባዛ ነበር፤ «ቢ» ግን ከእነርሱ አንዷ ስላልሆነች ቁጥሩን ብቻ ወስዶ 20 አለው። ሃያ ባይት! ከዚህ የሚበልጥ ፋይል አይገባም ማለት ነው፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ራሱ አይገባም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከወጣው 8.2 እትም ወዲህ ፒኤችፒ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ነገር ግን የቆየው አሠራር እንዳይፈርስ ሲል 20 ብሎ ማንበቡን አልተወም። ከዚያ በፊት የነበሩት እትሞች ምንም አይሉም። ተማሪው ፋይሉን ይልካል፣ አይገባም፤ ጥፋቱ በኔትወርኩ፣ በስልኩ ወይም በራሱ በተማሪው ይላከካል።

እኔ ከሦስቱ ኤንጂንኤክስንና ፖስትግሬስን እመርጣለሁ። የማያውቀውን ሲያይ የሚቆም መሣሪያ ያናድዳል፤ ግን ንዴቱ ያለው ችግሩ ባለበት ቦታ ነው። የሚገምት መሣሪያ ግን ችግሩን ሌላ ሰው ቤት ይልከዋል።

ቢት እና ባይትስ?

ፍጥነት ላይ ሲደርስ ሌላ መደራረብ ይመጣል። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ቴሌኮሞች ፍጥነትን በቢት ይሸጣሉ፤ ፋይል የሚያወርዱ ፕሮግራሞች ግን ብዙውን ጊዜ በባይት ያሳያሉ። 10 ሜጋቢት መስመር ያለው ሰው ቢበዛ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው የሚያወርደው።

ይህን በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ልዩነት የሊኑክሱ «ቲሲ» ይገለብጠዋል። ቲሲ የኔትወርክ ፍጥነት የሚገድብ ትዕዛዝ ነው። በኢንተርኔት ማስታወቂያዎች ላይ «ኤምቢፒኤስ» ሲባል ሁላችንም ሜጋቢት በሰከንድ ብለን እናነባለን። ለቲሲ ግን «ኤምቢፒኤስ» ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ሜጋቢት የሚፈልግ «ኤምቢት» ብሎ መጻፍ አለበት። 20 ሜጋቢት መስመር ያለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ለአንድ ክፍል 2 ሜጋቢት ሊመድብ ብሎ «2ኤምቢፒኤስ» ቢጽፍ የመደበው 16 ሜጋቢት ነው። ለቀሩት ክፍሎች አራት ይተርፋል። ትዕዛዙ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ስሕተት የሚል መልእክትም የለም።

በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥርስ ይታመናል?

ለዓይን ያህል ይታመናል፤ ለስሌት ግን አይሆንም። ፋይሎችን የሚዘረዝረው «ኤልኤስ» ለሰው በሚመች አጻጻፍ አሳየኝ ሲባል 1025 ባይት ያለውን ፋይል 1.1ኬ ይለዋል፤ እርሱም ወደ ላይ ያጠጋጋል። የዲስክን ይዘት የሚያሳየው «ዲኤፍ» በትንሹ ኤች ሲታዘዝ በ1024፣ በትልቁ ኤች ሲታዘዝ በ1000 ይቆጥራል። ይህን ያየ ሰው ዲዩም ላይ ትልቁ ኤች እንዲሁ የሚሠራ ይመስለዋል፤ እዚያ ግን ትልቁ ኤች ከመጠን ጋር ጨርሶ አይገናኝም። አርሲንክ ደግሞ ኤች አንዴ ሲጻፍለት በ1000፣ ሁለቴ ሲጻፍለት በ1024 ይቆጥራል።

እንዲህ ያለውን ዝርዝር በመጠን ለመደርደር ቁጥርን ብቻ የሚያይ አደራደር ከተጠቀሙ 900ኬ ከ2ጂ በላይ ይወጣል። «ሶርት» ቅጥያውን የሚያይበት የራሱ አማራጭ ስላለው ያ መጠቀሚያው ነው። እርሱም ቢሆን መጀመሪያ ፊደሉን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ስለሚያይ 5000ኤምን ከ1ጂ ያሳንሰዋል። ከዲዩ ወይም ከዲኤፍ የወጣ ዝርዝር ላይ ይህ አያጋጥምም፤ በእጅ በተጻፈ ዝርዝር ላይ ግን ያጋጥማል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

መሣሪያው የሚቀበል ከሆነ «አይ» ያለበትን ሙሉ አጻጻፍ መጠቀም የተሻለ ነው። ስፕሊት፣ ዲዲ እና ሄድ «ኤምአይቢ» ሲባሉ በ1024 መሆኑን ያውቃሉ፤ ስክሪፕቱን በኋላ የሚያነበው ሰውም ያውቃል። ለኩበርኔቲስ «ኤምአይ» ይበቃል።

ያልለመዱትን መሣሪያ በትንሽ ነገር መፈተን ደግሞ ከማኑዋል ይፈጥናል። «ትራንኬት» በሚባለው ትዕዛዝ መጠኑ 1ኬ የሆነ ፋይል ፍጠሩና «ስታት» በሚባለው ስንት ባይት እንደሆነ እዩ፤ 1024 ይላችኋል። በ1ኬቢ ድገሙት፤ 1000 ይላችኋል። ሰርቨር ላይ ከሆነ የተጻፈውን ዋጋ ሳይሆን ፕሮግራሙ የተረዳውን ዋጋ መልሶ መጠየቅ ይቻላል፤ ፖስትግሬስ የያዘውን ሲጠየቅ ይናገራል። ፒኤችፒ ግን በማዋቀሪያ ገጹ ላይ የሚያሳየው የተጻፈለትን ጽሑፍ ስለሆነ «20ኤምቢ» ብሎ ልክ ያስመስለዋል፤ ለእርሱ አስተማማኙ ፈተና አንድ እውነተኛ ፋይል መላክ ነው።

ከሊኑክስ ወደ ማክ፣ ከማክ ወደ ሊኑክስ ለሚዘዋወር ስክሪፕት ግን ፊደሉን ጨርሶ መተው ይሻላል። ዲዲ ላይ የብሎኩን መጠን 1048576 ብሎ በአኃዝ የጻፈ ሰው በሁለቱም ላይ አንድ ሜቢባይት ያገኛል። ለዲዩ ደግሞ ትንሿን «ኬ» አማራጭ መስጠት ሁለቱም በ1024 እንዲቆጥሩ ያደርጋቸዋል። የሠርጉን ቪዲዮ የሚቆርጠው ሰው 4000000000 ብሎ ቢጽፍ ዜሮዎቹን ሁለት ጊዜ ይቆጥራቸው ይሆናል እንጂ ሌላ የሚያሳስበው ነገር የለም።